ሆርሞንና ጭንቀት በሴቶች ስሜታዊ ትውስታ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ

አንድ ሰው አስደንጋጭ ሁኔታ ሲያጋጥመው ከኩላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። ሆርሞኖቹ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል እንዲነቃቃ በማድረግ ሁኔታው በትውስታ ውስጥ ጠልቆ እንዲቀረጽ ያግዛሉ።

ሂደቱ በወንዶችና በሴቶች አንድ ዓይነት አለመሆኑን በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ተመራማሪ የሆኑት ላሪ ካሂልና ባልደረቦቻቸው ያካሄዷቸው ጥናቶች ያመለክታሉ። ስሜት የሚነካ ነገርን በማስታወስ ረገድ በወንዶች የቀኙ፣ በሴቶች ደግሞ የግራው አሚግዳላ የበለጠ ተሳትፎ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣ ጥናት ተገልጿል።

በሴቶች ዘንድ የወር አበባ ዑደትም ለውጥ ያስከትላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቀረበ ጥናት እጃቸውን በበረዶ ውሃ በመንከር ለጭንቀት ከተጋለጡ ሴቶች መካከል የኮርቲሶል መጨመር ከተሻለ ትውስታ ጋር ተያይዞ የተገኘው እንቁላል ከወጣ በኋላ፣ ፕሮጄስቴሮን ከፍ በሚልበት ወቅት ላይ በነበሩት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት እንደሚያሳየው ደግሞ ሆርሞን ያለበት የእርግዝና መከላከያ የሚወስዱ ሴቶች የአንድን አሳዛኝ ታሪክ ፍሬ ነገር፣ የማይወስዱት ደግሞ ዝርዝሩን በተሻለ ሁኔታ አስታውሰዋል።

ግኝቶቹ የቡድን አማካይ ውጤቶች በመሆናቸው የአንዲትን ሴት ቃል በሆርሞኗ ለመመዘን አያስችሉም። ይሁንና ጉዳት የደረሰባት ሴት ዋናውን ድርጊት አስታውሳ ዝርዝሩን መዘንጋቷ ብቻውን የሐሰት ማስረጃ እንደማይሆን ቃል የሚቀበሉ አካላት ሊገነዘቡት ይገባል።