የባለጸጋው ስጦታና የድኻው መዋጮ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። ከሎሚዎቹ አንዱ ዱባ ያህል ቢኾን ግን የሌሎቹ ሸክም ይቀላልን? ወይስ ይከብዳል? እኛ የወግዲ ተማሪዎች የመዋጮን ታሪክ ስንመረምር ይህን ጠየቅን።

በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ «ሀምብል ኢንዲ ባንድል» የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ጥቅል ለሽያጭ ቀረበ። ዋጋውን የሚወስነው ገዢው ራሱ ነበረ፤ ከክፍያውም ለበጎ አድራጎት የሚውለውን ድርሻ ይመድብ ነበር። ከ138,000 የሚበልጡ ሰዎች ገዝተው ከ1,200,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበ።

በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በተጀመረው በኹለተኛው ሽያጭ ግን ከገዢዎች አማካይ ክፍያ በላይ የከፈለ ሰው ተጨማሪ ጨዋታዎች ያገኝ ጀመር። አማካዩም እንደ በር ኾነ። ማይንክራፍት የተባለውን ጨዋታ የሠራው ማርኩስ ፔርሰን ከትልልቆቹ ከፋዮች አንዱ ነበረ።

የዚህን ውጤት በሒሳብ እንየው። ዘጠኝ ሰዎች ዐሥር ዐሥር ብር፥ ዐሥረኛው 1,000 ብር ቢሰጡ፥ አማካዩ 109 ብር ይኾናል፤ ዘጠኙ ከበሩ ውጭ ይቀራሉ። ነገር ግን 2,000 ዶላር ለ200,000 ገዢዎች ቢካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ሳንቲም ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቅ ስጦታ ዋጋን የሚያስወድደው ሰጪዎች ጥቂት ሲኾኑ ነው፤ ብዛት ግን ያበርደዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከደጋችን በታች በሚፈሰው በዐባይ ላይ፥ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የታላቁ ግድብ መሠረት ተጣለ። ሕዝቡ እንደ ዐቅሙ ቦንድ ገዛ፤ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞችም የወር ደመወዛቸውን አዋሉበት። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ መብራቱ በመዋጮ አማካይ የተለካ አልነበረም። ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት በተደረገው በ«ገበታ ለሸገር» ራት ግን የአንዱ ወንበር ዋጋ 5,000,000 ብር ነበረ። ገንዘቡ የተሰበሰበው ለከተማው ልማት ቢኾንም፥ በማዕዱ ሊቀመጥ የቻለው ባለጸጋው ብቻ ነው።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ስጦታ መልካም መኾኑን ነው፤ ክፋቱ ለሌላው መለኪያ ሲኾን ነው። ለትምህርት ቤታችንም ስናዋጣ፥ ብዙ ያለው ብዙ ይስጥ፤ ስጦታው ግን ጥቂት ያለውን የሚያሳፍር አይኹን።