የእንግዳ ዓይንና የጉና አራዊት

በጅቡቲ አገር፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ ከኅዳር ወር ጀምሮ እስከ ጥር ድረስ ዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚባለው ታላቅ ዓሣ ወደ ዳርቻው ቀርቦ ይታያል። ስሙ ቢያስፈራም ሰው አይበላም፤ ሰፊ አፉን ከፍቶ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ደቃቅ ፍጥረታት እያጠለለ የሚመገብ ገራም ዓሣ ነው። በዓለም ካሉት ዓሣዎች ሁሉ በግዝፈት የሚወዳደረው የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ12 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል። ወደ ታጁራ የሚመጡት ግን አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው። በዚያ ወራት ዕረፍታቸውን ለማሳለፍ ከሩቅ አገር የመጡ ሰዎች የውሃ መነጽር አጥልቀው ከጎኑ ይዋኛሉ፤ ፎቶግራፍም ያነሡታል።

ይህን ዓሣ ለሳይንስ መጀመሪያ ያስታወቀው አንድሩ ስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ የጦር ሐኪም ነው። በ1828 በደቡብ አፍሪካ፣ በቴብል ቤይ፣ በጦር ተወግቶ የተያዘውን አንዱን መርምሮ ስም ሰጠው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ እስከ 1980ዎቹ እኩሌታ ድረስ፣ ማለት ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ፣ በመላው ዓለም ታይቶ የተመዘገበው ዓሣ ከ350 ያነሰ ነበር። ዛሬ ግን አንድ በአንድ ተለይተው የታወቁት በሺህ ይቈጠራሉ። ምክንያቱም በዓሣው ቆዳ ላይ ያሉት ነጫጭ ነጠብጣቦች እንደ ሰው የጣት አሻራ ከዓሣ ወደ ዓሣ ይለያያሉ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የከዋክብትን ሥዕል ከሥዕል ጋር ለማስተያየት ያወጡት የስሌት ዘዴ ነበረ፤ መርማሪዎች በ2005 ይህንኑ ዘዴ ለነጠብጣቦቹ አዋሉት። ስለዚህ ለመዝናናት የመጣው ዋናተኛ ከዓሣው መተንፈሻ ስንጥብ በስተኋላ ያለውን ጎን አንሥቶ፣ ቀኑንና ስፍራውን ጽፎ ቢልክ፣ ያ ዓሣ ከዚህ በፊት የትና መቼ እንደ ታየ ይታወቃል። ለጎብኚው ማስታወሻ የነበረው ሥዕል ለመርማሪው ማስረጃ ይሆናል።

ይህ የባሕር ወሬ ከባሕር እጅግ ርቀው በደጋ ላይ ለተቀመጡት ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ምን ይረባቸዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን የእነዚህን አገሮች ታሪክ በዚህ ዓይን ስንመለከተው አንድ የጎደለ ነገር እናገኛለን። አገሮቹ እንግዳ አጥተው አያውቁም። ነገሥታትም፣ ሠራዊትም፣ ነጋዴም፣ የሩቅ አገር ሰውም አልፎባቸዋል። ነገር ግን ያለፈው ሁሉ ወደ ሌላ ስፍራ የሚቸኵል መንገደኛ ነበር እንጂ ጉና ተራራ ላይ ቆሞ አራዊቱን የቈጠረ አልነበረም።

የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በ1770 ከንጉሡና ከራስ ሚካኤል ሠራዊት ጋር በጣና ምሥራቅ በኩል ሲያልፍ የርብንና የጉማራን ወንዞች ተሻግሯል። ሁለቱም ወንዞች ከጉና የሚነሡ ናቸው። ብሩስ ለእንስሳትና ለዕፀዋት ንቁ ዓይን የነበረው ሰው ነው፤ በ1790 ካሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ የመጨረሻውን ቅጽ የሰጠው ለእነርሱ ነው። ይሁን እንጂ ልቡ በዓባይ ምንጭ ላይ ስለ ነበረ የወንዞቹን መነሻ ተራራ ሽቅብ ከማየት በቀር ሊወጣው አልፈቀደም።

ከእርሱ በኋላ የመጣው የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1832 እና በ1833 በስሜንና በጎንደር ተቀምጦ የሰበሰበውን ወደ አገሩ ቤተ መዘክር ወሰደ። ዋልያንና ጭላዳን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን ደግሞ በ1840 ለሳይንስ አስታወቀ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። ዋልያ የሚለው ስም በላቲን መዝገብ ውስጥ እስከ ዛሬ እንዳለ ይገኛል፤ ጭላዳም ‹ገላዳ› ተብሎ ተጽፏል፤ ከጣና ዓሣዎችም አንዱ ‹ቤሶ› እንደ ተባለ ቀርቷል። እንግዲህ ሊቁ ስሙን የተማረው ከባላገሩ አፍ ነው። የስሜን አዳኝና የጣና ዓሣ አጥማጅ ባይነግሩት ኖሮ የፍራንክፈርት ቤተ መዘክር እነዚህን ስሞች ከየት ባገኛቸው ነበር? መጽሐፉ የሩፔልን ስም ያነሣል፤ የነጋሪዎቹን ስም ግን አናገኘውም። ቀይ ቀበሮም በላቲን ስሙ የስሜን ተወላጅ ሆኖ ቀረ፤ በጉናም እንደሚኖር የተመዘገበው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

የ1867 እና የ1868 ታሪክ ይህን ነገር ከሁሉ ይልቅ ያጎላዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ፣ ዐለት እያስፈነቀሉና መንገድ እያስጠረጉ፣ ጋይንትን አቋርጠው በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ፣ ከዚያም ወደ መቅደላ ሄዱ። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በዚያው ወራት የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሰሜን በኩል ወደዚያው ወደ መቅደላ ይገሠግሥ ነበር። ከእንግሊዙ ጦር ጋር የሕንድ የሥነ ምድር መሥሪያ ቤት ባልደረባ የሆነው ዊልያም ብላንፎርድ ነበረ፤ ሠራዊቱ በሰፈረበት ሁሉ ወፉንና አውሬውን እየሰበሰበ፣ ድንጋዩን እየመረመረ፣ በ1870 ስለ ሐበሻ ምድርና እንስሳት መጽሐፍ አሳተመ። ሁለቱ ሠራዊቶች የተገናኙት መቅደላ ላይ ነው። በሰሜኑ መንገድ የታዩት ወፎች ዛሬ በመጽሐፍ ይነበባሉ። በጋይንቱ መንገድ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከመድፋቸውና ከመከራቸው ጋር ነበሩ፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ወፍ ማን ይቈጥራል? ስለ ጋይንት ገደል የተጻፈልን የመድፉ ጉዞ ብቻ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ዝምታ ዋጋ እንደሚያስከፍል ከጉማራ ወንዝ እንረዳለን። በጣና ሐይቅ የሚኖሩት ትልልቅ የቢጫ ዓሣ ዝርያዎች በዓለም ላይ አቻ የላቸውም፤ በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከአንድ ወገን ተበታትነው ከዐሥራ አምስት በላይ ሆነዋል። ሩፔል አንዳንዶቹን በየስማቸው ለይቷቸው ነበር። በ1973 ግን አንድ መርማሪ ሁሉንም ጠቅልሎ አንድ ዝርያ ናቸው አለ። ልዩነታቸው እንደ ገና የተገለጠው በ1990ዎቹ የሆላንድ አገር የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ሐይቁ ዳር ተቀምጠው ባጠኑ ጊዜ ነው። ከእነዚህም ዝርያዎች ሰባት ያህሉ በክረምት ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ ጥሩ አየር ባለው፣ ጠጠር በበዛበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ እንቍላላቸውን ይጥላሉ። ከሚወጡባቸው ወንዞች አንዱ ጉማራ ነው። ስለዚህ በእስቴና በፋርጣ ተዳፋት የሚታረሰው አፈር፣ የሚቈረጠውም ዛፍ በባሕር ዳር ገበያ ለሚሸጠው ዓሣ ጉዳዩ ነው።

በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በሐይቁ ላይ ሥራ ጀመሩ። መርማሪዎቹ ከ1991 እስከ 2001 ባደረጉት ማስተያየት የእነዚህ ዓሣዎች ብዛት 75 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ የጫጩቶቹ መቀነስ ደግሞ 90 በመቶ ደረሰ። ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ዓሣዎቹ ለመውለድ በወንዝ አፍ ሲሰበሰቡ በመረብ መታፈሳቸውን፣ በወንዞቹም ውስጥ በብርብራ ፍሬ መርዝ መገደላቸውን ጠቅሰዋል። የብርብራ ነገር ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም፤ ፍሬው ተወቅጦ በኩሬ ውሃ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። አባቶቻችን ለአንድ ቀን ራት ያደርጉት የነበረው ነገር እናቲቱ እንቍላል ይዛ በምትወጣበት ሰሞን ሲደረግ ትውልድ ያጠፋል። ይህ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው በ1991 ዓሣውን የቈጠረ ሰው ስለ ነበረ ነው። ባይቈጠር ኖሮ ዓሣ አጥማጁ ‹‹ድሮ ብዙ ነበር›› ይላል፤ ሹሙም ‹‹ሽማግሌ ሁልጊዜ ድሮን ያወድሳል›› ብሎ ያልፈዋል።

ለጉና ቀይ ቀበሮ ግን ቈጣሪው ዘግይቶ መጣ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝም ተራራ ነው። ውሃው በአንድ ወገን ወደ ጣና፣ በሌላው ወገን ወደ ተከዜና ወደ በሽሎ ይወርዳል። በራሱ ላይ ጅብራና ጓሳ ይበቅልበታል፤ ከጓሳው ሥር አይጥ ይራባል፤ ቀበሮውም ከአይጡ ይኖራል። የገብሱ እርሻ ከዓመት ወደ ዓመት ሽቅብ ሲወጣ፣ ከብቱም ሣሩን ሲግጠው፣ ለአውሬው የቀረለት ስፍራ እንደ ቆብ አናቱን ብቻ ሸፈነ። በ2000 ዓመት ገደማ መርማሪዎች የሰሜኑን ተራሮች እየዞሩ ሲመረምሩ በጉና የቀሩት ቀበሮዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ዛሬ ቀይ ቀበሮ ይኖርባቸዋል ተብለው በሚጻፉት ተራሮች ዝርዝር ውስጥ ስሜን፣ የወሎ ደጋዎች፣ መንዝ፣ አርሲና ባሌ አሉ፤ ጉና የለም። ሃምሳ ዓመት ቀድሞ የተጻፈ አንድ ቍጥር ቢኖር ኖሮ ውድቀቱ ገና በመንገድ ላይ ሳለ በታየ ነበር።

ስሜንና መንዝ ለምን ተሻሉ ብለን ብንጠይቅ መልሱ አንድ አይደለም። ስሜን በ1969 በሕግ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተጽፎ በ2017 ከዚያ ወጣ። ከ2006 ጀምሮ የውጭ አገር መርማሪዎች ጭላዳዎቹን በየመልካቸው ለይተው ይከታተሏቸዋል፤ ከደባርቅ ተነሥቶ የሚወጣው ጎብኚ የሚከፍለውም ገንዘብ ለመሪው፣ ለዘበኛውና ለበቅሎ ጫኙ እንጀራ ሆኖ ቆይቷል። በመንዝ ጓሳ ያለው ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ደስ ያሰኘናል። ባላገሩ ራሱ የጓሳውን ሣር በቄሮ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረ ነው፤ እንግዳው የመጣው ተጠብቆ ከቈየው ላይ ነው። ከ2020 ወዲህ ግን በመጀመሪያ በበሽታው፣ ቀጥሎም በጦርነቱና በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት የእንግዳው እግር ቀንሷል። በእንግዳ ገንዘብ ብቻ የቆመ ጥበቃ እንግዳው ሲቀር እንደሚናወጥ ከዚህ አይተናል።

የእንግዳ ዓይን በእነዚህ አገሮች ምንም አልጠቀመም እንዳይባል ግን አንድ ነገር እናስታውሳለን። ከሞጣ ወደ አንዳቤትና ወደ እስቴ በሚያሻግረው የዓባይ መንገድ ላይ ሰባራ ድልድይ የሚባል የጥንት ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ስለ ተቈረጠ፣ ባላገሩ በገመድ ተንጠልጥሎ ከወዲያ ወዲህ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በ1999 በዓባይ ላይ በጀልባ የወረዱ ተጓዦች ይህን ፎቶግራፍ አነሡ፤ ሥዕሉም በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ ይህን አይቶ በ2002 ስብራቱን በብረት አስጠገነው። በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ሌላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። አንድ ሥዕል ይህን ያህል ሠራ። ሥዕሉ የሰው ሥዕል ስለ ሆነ ርኅራኄ አገኘ፤ የጉና ቀበሮ ግን እንዲህ ያለ ሥዕል አንሺ አላገኘም።

አሁን ወደ ታጁራው ነገር እንመለስ። ዓሣ ነባሪ ሻርክ ወደ ዳር የሚቀርበው በኅዳርና በጥር መካከል ነው፤ ይህም የፈረንጆቹ ዕረፍት የሚውልበት ወራት ነው። የዓሣው ወራትና የሰው ዕረፍት ስለ ገጠሙ ሥራው ሰመረ። በእኛ አገር ግን አይገጥሙም። የጉማራ ዓሣ የሚወጣው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ወንዙ በደፈረሰበት፣ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ጊዜ ነው፤ የውጭ አገር ጎብኚ ደግሞ በክረምት ወደ ጉና አይወጣም። በዚያ ወራት በዕረፍት ላይ ሆኖ በስፍራው የሚገኘው ከነፋስ መውጫ፣ ከመካነ ኢየሱስና ከወገዳ ትምህርት ቤቶች ወደ ወላጆቹ መንደር የተመለሰው ተማሪ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ዕረፍቱ ከዓሣው ጉዞ መጀመሪያ ጋር ይገጥማል፤ የወንዙን መሻገሪያ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ዓሣው የሚጠራበትን ስምም ከአባቱ ሰምቷል። ደብረ ታቦር ያለው ዩኒቨርሲቲ ከጉና ግርጌ ነው፤ የተማሪውን ደብተር የሚቀበል መዝገብ ሩቅ አይደለም።

ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ብዙ አይደለም፦ ቀኑ፣ የወንዙ ስም፣ የቀበሌው ስም፣ የታየው ምን እንደ ሆነ፣ ስንት እንደ ሆነ። በስማዳ በኩል የሚኖረው በበሽሎ ገደል የሚያድረውን የጭላዳ መንጋ ይጻፍ፤ በጋይንት ያለው በጉና ጓሳ ላይ ያየውን ወፍ ይጻፍ፤ በእስቴ ያለው ወደ ጉማራ የሚገባው ጅረት መቼ እንደ ጠራና መቼ እንደ ደፈረሰ ይጻፍ። ያላየውንም ‹‹አላየሁም›› ብሎ ከነቀኑ ይጻፍ፤ የጉና ቀበሮ በየትኛው ዓመት እንደ ጠፋ በርግጥ መናገር ያስቸገረን ይህ ቃል በጊዜው ስላልተጻፈ ነው።