የሚሸጠው ጫማው ነው ወይስ ልኬቱ?

በየዓመቱ ኦገስት ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የእንግሊዝ ከተሞች ጫማ ቤቶች በወላጅና በልጅ ይጨናነቃሉ። ትምህርት ሊከፈት ነው። ልጁ ካልሲውን እንዳደረገ መለኪያው ላይ ይቆማል። ሻጯ ተንበርክካ ተረከዙን ወደ ኋላ ታስጠጋለች፣ ተንሸራታቹን እስከ አውራ ጣቱ ትገፋለች፣ በሜትር ጨርቅ የእግሩን ወርድ ትለካለች። ከዚያ አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል ትናገራለች። ቁጥሩ ርዝመት ነው፤ ፊደሉ ስፋት። ቀጥሎ የሚመጣው ዋጋ ነው፦ ከ40 እስከ 60 ፓውንድ። መንገዱን ተሻግሮ ባለው ሱፐርማርኬት ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት ያው የሚመስል ጥቁር ጫማ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ ተለጥፎበት ተደርድሯል።

ሦስት ልጅ ላለው ቤት ይህ ልዩነት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ያውም ለጥቂት ወራት ነው፤ ትምህርት የጀመረ ልጅ እግር በዓመት አንድ ቁጥር ያህል ያድጋል፣ ከዚያ በታች ያለው ሕፃን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በየዓመቱ ያው ክርክር ይመለሳል። አያት "በልጅ እግር አይቀለድም" ትላለች። አባት "ስም ነው የምንገዛው" ይላል። ክርክሩ ለንደን በሚኖሩ ሐበሾች ቤትም የሚታወቅ ነው። ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ግማሹ እውነት ከየት እንደመጣ ለማየት ግን ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

እንግሊዝ ከድሮ ጀምሮ ተጫምታ የኖረች አገር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለችም። በ1880 ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገባ ሕግ ሲያስገድድ፣ ከድሃ ሰፈር የመጣው ልጅ ብዙ ጊዜ ባዶ እግሩን ነበር። እንደ ሊቨርፑልና ግላስጎው ባሉ ከተሞች በዚያ ዘመን የተነሱ ፎቶግራፎች ጭቃ ላይ ባዶ እግራቸውን የቆሙ ልጆችን ያሳያሉ። ብርዱ ሲበረታ ጫማ የሌለው ልጅ ከትምህርት ይቀራል፤ ለመቅረቱ ወላጅ የሚሰጠው ምክንያትም ይኸው ነበር። በጎ አድራጊዎች ከፖሊስ ጋር ሆነው ልብስና ቦት ጫማ የሚያድሉ ማኅበራት አቋቋሙ። ታዲያ የሚታደለው ጫማ ላይ ምልክት ይደረግበታል፤ በመያዣ የሚያበድረው ባለ ሱቅ እንዳይቀበለው። ጫማው በቤቱ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ውዱ ነበርና ሰኞ ተይዞ ዳቦ መግዣ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ጫማውን ከመያዣ አዳነው። ልጁን ግን ከክፍል ጓደኞቹ ዓይን አላዳነውም።

በ1907 ሌላ ሕግ መጣና ሐኪም በየትምህርት ቤቱ ልጆችን እንዲመረምር ተደረገ። የመመርመሪያው ቅጽ ጥርስና ዓይን ብቻ አልነበረበትም፤ ልብስና ጫማም ይታይ ነበር። ይህች ነጥብ ኋላ ትፈለጋለች። ለአንድ አፍታ ያህል የልጅ እግር የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ነበር።

ጫማን በእግር ቅርጽ መሥራት የሚለው ሐሳብ ራሱ ሲታይ አዲስ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ብዙው ጫማ ቀኝና ግራ አልነበረውም፤ ሁለቱም በአንድ ቀጥ ያለ የእንጨት ፎርማ ላይ ይሰፉ ነበር። ባለቤቱ እያደረገ ያላምደዋል፣ ማለትም እግሩን ያሳምመዋል። ቀኝና ግራው የተለየ ጫማ ተራ ነገር የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፔትሩስ ካምፐር የተባለው የኔዘርላንድ የአካል ጥናት ሊቅ በ1781 ስለ ምርጥ ጫማ ቅርጽ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። ለፈረስ ኮቴ የሚደረገውን ጥንቃቄ ያህል እንኳ ለሰው እግር አይደረግም የሚል ቁጭት የነበረው ሰው ነው። ከ70 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ደግሞ የዙሪኩ ሄርማን ፎን ማየር አውራ ጣት ከተረከዝ ጋር ቀጥ ብሎ መሄድ እንዳለበት፣ ሹል ጫማ ግን ወደ ጎን እንደሚያጣምመው አስረዳ።

ይህን ትምህርት ወደ ንግድ ከለወጡት አንዱ በሶመርሴት ስትሪት በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረ ቤተሰብ ነው። ሳይረስ ክላርክ በ1825 የበግ ቆዳ ሥራ ጀመረ፤ ወንድሙ ጄምስ ከተራረፈው ቆዳ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ ሰፋ። ክላርክስ የሚባለው ድርጅት ከዚያ ወጣ። ቤተሰቡ ኩዌከር ነበር። ኩዌከሮች በዋጋ መከራከርን እንደ ውሸት ስለሚቆጥሩት የተቆረጠ ዋጋ ይናገራሉ የሚባሉ ሰዎች ናቸው። ድርጅቱ በ1883 በእግር ቅርጽ የተሠራ "ሃይጂኒክ" የተባለ ጫማ ለገበያ አቀረበ። ስሙን ልብ ይሏል፤ የሚሸጠው ጤና ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለልጆች በተለያየ ስፋት የሚሠራ ጫማና የሱቅ መለኪያ የዚህ ንግድ መለያ ሆኑ። በኖሪች መነሻው እስከ 1792 የሚደርሰው ስታርት ራይትም በዚያው መንገድ ሄደ።

ጦርነቱ ራሱ ወላጆችን አንድ ነገር አስተምሯቸዋል። ከጁን 1941 ጀምሮ ልብስና ጫማ በኩፖን ሆነ። ኩፖን ያለቀበት ወላጅ ልጁን በጠበበ ጫማ ያስኬዳል፣ ወይም የታላቁን ያወርስለታል። ሴት በጎ ፈቃደኞች የጠበበውን ተቀብለው ሰፋ ያለ የሚሰጡበት የመለዋወጫ ጣቢያ ከፈቱ። እንግዲህ ከዚያ የወጣ ትውልድ ወላጅ ሲሆን "የኔ ልጅ በልኩ ይጫማል" ቢል ማን ይፈርድበታል?

ጫማ ሻጮች ይህን ስሜት አውቀውታል። የዚህ ታሪክ አስገራሚው ክፍልም እዚህ ላይ ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ ጫማ ቤቶች ፔዶስኮፕ የሚባል ረጅም የእንጨት ሣጥን ቆመ። ልጁ አዲሱን ጫማ እንዳደረገ እግሩን ከታች ባለው ክፍተት ያስገባል። ከላይ ሦስት መመልከቻ አለ፤ አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለእናቱ፣ አንዱ ለሻጩ። ቁልፉ ሲጫን የእግሩ አጥንት በጫማው ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ራጅ ነው። ልጆች ከረሜላ ያህል ወደዱት፤ የእግር ጣታቸውን እያንቀሳቀሱ ደግመው ደጋግመው ያዩ ነበር። ለእናት ደግሞ የመጨረሻው ማረጋገጫ ሆነ፤ ሳይንስ የመሰከረለትን ጫማ እንዴት ውድ ነው ብላ ትተወዋለች? በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ወደ 10,000፣ ብሪታንያ ውስጥ ወደ 3,000 እንዲህ ያሉ ሣጥኖች እንደነበሩ ይገመታል።

ፔዶስኮፕ ለልኬት የሚሰጠው ጥቅም ግን ትንሽ ነበር። አጥንት ያሳያል፤ ጫማው የሚጫነውን ሥጋ በደንብ አያሳይም። በአውራ ጣት ጫን ብሎ ከሚገኘው መልስ የተሻለ ነገር አልሰጠም። ጨረሩ ከሣጥኑ ያፈተልካል፤ ብዙ የሚጎዳውም ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የሚቆመው ሻጭ ነበር። ፔንሲልቬንያ በ1957 ከአሜሪካ ግዛቶች ቀድማ ከለከለችው፤ ብሪታንያ በ1958 የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዲለጠፍበት አደረገች፤ ቀስ በቀስም ከሱቆች ጠፋ። ለ30 ዓመት ያህል ወላጆች ስለ ልጃቸው እግር የነበራቸው ጭንቀት እውነተኛ ነበር። የተሸጠላቸው ዋስትና ግን ትርኢት ነበር።

አባትየው ይህን ሲሰማ "አላልኩም?" ሊል ይችላል። አይቸኩል። ስለ ልጆች እግር የተደረጉ ጥናቶች ለሁለቱም ወገን የሚያስደስትና የሚያስከፋ ነገር አላቸው። በ1989 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ጠፍጣፋ እግር ያላቸውን ሕፃናት ለሦስት ዓመት ተከታትሎ፣ "አስተካካይ" የተባለው ውድ ጫማም ሆነ በልክ የተሠራ የውስጥ ንጣፍ ተራ ጫማ ካደረጉት የተለየ ውጤት እንዳላመጣ አሳየ። በ1992 ደግሞ ህንድ ውስጥ 2,300 ልጆች ታይተው፣ ጫማ ከሚያደርጉት 8.6 በመቶው፣ ባዶ እግራቸውን ከሚሄዱት ግን 2.8 በመቶው ብቻ ጠፍጣፋ እግር ነበራቸው። ጫማ እግርን "ይሠራል" የሚለው የአያት እምነት እዚህ ላይ ይወድቃል። ጤነኛ እግር ራሱን ይሠራል፤ ከጫማ የሚፈልገው እንዳይከለክለው ነው።

ግን መከልከል ይቻላል። በ2009 የታተመ የኦስትሪያ ጥናት 858 መዋዕለ ሕፃናት የሚማሩ ልጆችን መረመረ። ተመራማሪዎቹ ጫማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አምነው አልተቀመጡም፤ የውስጡን ርዝመት ለኩ። ከልጆቹ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆኑት የውጭ ጫማቸው አጭር ነበር፤ ጫማው ባጠረ መጠንም አውራ ጣት ወደ ጎን የመጣመሙ ነገር ጨመረ። አያት እዚህ ላይ ልክ ናት። የሚጎዳው ርካሽ ጫማ ሳይሆን ያጠረ ጫማ ነው፤ 60 ፓውንድ የወጣበት ጫማም ከስድስት ወር በኋላ ያጥራል። እንዲያውም ውድ ስለሆነ ወላጅ "ገና አዲስ ነው" ብሎ አንድ ወር ይጨምርለታል።

ልክና ዋጋ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሌላ ቦታ ያውቀዋል። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ባዶ እግሩን የሮጠው ጫማ ጠፍቶ አይደለም። የቀረቡለት የታወቀ ድርጅት ጫማዎች እግሩ ላይ አልተስማሙትም፤ ከሚቆረቁረው ጫማ የለመደውን ባዶ እግር መረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ተጫምቶ አሸነፈ። በሌላ በኩል ደግሞ ጫማ ቅንጦት ነው የሚለውን የሚያስተባብለው ማስረጃ በዚያው አገር አለ። ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋማ አካባቢዎች ባዶ እግራቸውን የሚያርሱ ሰዎች እግራቸው የሚያብጥበት የዝሆኔ ዓይነት አለ፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም የሰጠው በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። በግምት 1.5 ሚሊዮን ያህል ኢትዮጵያውያን አለባቸው። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ተጫምቶ እግርን መታጠብ ነው። ለዚያ ልጅ የጫማው ስም ምንም አይደለም፤ እግሩን ከአፈር የሚለይ ይሁንለት እንጂ።

ወደ እንግሊዙ ሱቅ እንመለስ። ዛሬ 50 ፓውንዱ የሚገዛው ምንድን ነው? የስትሪት ሠራተኞችን ደመወዝ አይደለም፤ ክላርክስ በ2000ዎቹ አጋማሽ በብሪታንያ የነበረውን ምርት አቁሟል፣ ጫማው በአብዛኛው ከእስያ ይመጣል፤ በ2021 የድርጅቱ አብላጫ ድርሻ ወደ አንድ የሆንግ ኮንግ ባለሀብት ድርጅት ተላልፏል። ቆዳው የተሻለ ነው፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ልጅ ጫማውን ከመጨረሱ በፊት ጫማው ልጁን ይጨርሰዋል፤ በኳስ ሜዳ አፍንጫውን ካልገነጠለው በስተቀር። ቀሪው ቆዳ የሚጠቅመው ታናሽ ካለ ነው፤ ያም ሲወርስ የታላቁን እግር ቅርጽ አብሮ ይወርሳል። እግሩ በጣም ሰፊ ወይም በጣም ቀጭን ለሆነ ልጅ በፊደል የሚለየው ስፋት ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነው፤ ለእሱ ዋጋው ትክክል ነው ማለት ይቻላል። ለቀረው ልጅ በአንድ ውድ ጫማ ዓመቱን ከማገባደድ በሁለት ርካሽ ጫማ በልኩ መሄድ ይሻለዋል።

ከሱቁ ውስጥ በእርግጥ ውድ የሆነው ነገር ተንበርክካ የምትለካው ሻጭ ናት። ልኬቱ በነፃ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ነፃ የሆነው ጫማው ውድ ስለሆነ ነው። በ1907 ሐኪሙ የልጁን ጫማ አይቶ ቅጽ ይሞላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው ለሻጭ ተተወ፣ ክፍያውም በጫማው ዋጋ ውስጥ ተደበቀ። መንግሥት ስለ ወጪው አልረሳም፤ የልጆች ጫማ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ አያስከፍልም፣ በ2021 ደግሞ ትምህርት ቤቶች የደንብ ልብስ ወጪን እንዲቀንሱ የሚያስገድድ ሕግ አውጥቷል። የሚለካውን ሰው ግን አልመለሰም።

ይህን ያወቁ እናቶች አሉ። ልጃቸውን ያስለካሉ፣ ቁጥሩን በስልካቸው ይይዛሉ፣ አመስግነው መንገዱን ይሻገራሉ። ሻጯ ታውቃቸዋለች፤ ምንም አትልም። ሁሉም እንደነሱ ካደረገ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚለካ ሰው አይኖርም።

የገጠር አባት ገበያ ሲወርድ የልጁን እግር በስንጥር ለክቶ በኪሱ ይይዛል፤ ስንጥሩን ጫማው ውስጥ ከትቶ ትንሽ ከተረፈ ይገዛል። የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ያደረጉትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ካርቶን ላይ የልጁን እግር አስቁሞ መሳል፣ ከረጅሙ ጣት ፊት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሮ መቁረጥ፣ ከዚያም ካርቶኑ ሳይታጠፍ የሚገባበትን ጫማ መፈለግ። ይህን በየሁለት ወሩ ለመድገም የሚያስፈልገው እርሳስና ባዶ የብስኩት ካርቶን ነው።