ሴክተር ሪቪውና የባላገር ልጅ ዕድል

በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ያቆሙበት ምክንያት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው የደመወዝ ጥያቄ ነው። የደመወዙ ጥያቄ በእርግጥ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ከመምህራኑ ጋር አብረው የተቃወሙት ወላጆች ከትምህርት በጀት ደመወዝ የሚጠብቁ አልነበሩም። እነርሱን ያስቆጣቸው በሰፊው «ሴክተር ሪቪው» እየተባለ የታወቀው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ነው። ዕቅዱ ትምህርትን ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከጥቂቶች ወደ ብዙኃኑ ለማድረስ ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። ታዲያ ይጠቅማቸዋል የተባሉት ሰዎች ስለ ምን ጠሉት? ይህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ለመመርመር ይሞክራል። (ዓመተ ምሕረቱ ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

መልሱን ለማግኘት ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአገራችን ለምን ጉዳይ እንደ ተቋቋመ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ያስፈልጋል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተከፈተው የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤትም ሆነ በ1917 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በዋነኛነት የተቋቋሙት ቋንቋ የሚያውቅ፣ ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚጻጻፍና የመንግሥትን መሥሪያ ቤት የሚያንቀሳቅስ ሰው ለማውጣት ነበር። የፋሺስት ወረራ ከዚህ ትውልድ ብዙዎቹን ፈጀ። ከ1933 ዓ.ም. በኋላ መንግሥት እንደገና ሲደራጅ የተማረ ሰው እጥረት እጅግ የከፋ ስለ ነበር፣ ማንበብና መጻፍን ከጥቂት እንግሊዝኛ ጋር የያዘ ወጣት ሥራ ለማግኘት ብዙ አልተቸገረም። አዳሪ ትምህርት ቤቶች ምግብና ልብስ ይሰጡ ነበር። ያም ሆኖ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጁን ለመስጠት ያመነታ ወላጅ ጥቂት አልነበረም። የጎረቤቱ ልጅ ደመወዝተኛ ሆኖ፣ ጫማ አድርጎ፣ ለእናቱ ኩታ ገዝቶ ሲመለስ ካየ በኋላ ግን ሐሳቡን ለወጠ። ትምህርት ቤት ከእርሻ የሚያወጣ መንገድ መሆኑን ባላገሩ የተረዳው ከማንም ስብከት ሳይሆን እንዲህ በዓይኑ አይቶ ነው።

ከዚህ ላይ ሳይጠቀስ መታለፍ የሌለበት አንድ ጉዳይ አለ። በ1940 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ። ገንዘቡ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ማስፋፊያ እንዲውል የታሰበ ነበር። በሕግ ከፋዩ ባለመሬቱ ቢሆንም፣ ባለመሬቱ የተጣለበትን ሸክም ወደ ጭሰኛው የሚያስተላልፍበት ዘዴ አላጣም። ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ በአብዛኛው የተሠሩት በከተሞችና በአውራ ጎዳና ዳር ነው። ስለዚህ የገጠሩ ሰው የልጁ እግር ላልረገጠው ትምህርት ቤት ለዓመታት ከፋይ ሆኖ ኖሯል። የ1966ቱን ቁጣ በአሉባልታ የተነሣ ብቻ አድርገው የሚያቀርቡ ጸሐፊዎች ይህን ሂሳብ ማስታወስ ይገባቸው ነበር።

ትምህርት ቤት ለማግኘት የታደለውም የባላገር ልጅ ቢሆን የሚጓዝበት መንገድ ከከተማው ልጅ መንገድ የተለየ ነበር። አንደኛ ደረጃን በወረዳው ከተማ ቢጨርስ ሰባተኛና ስምንተኛን ፍለጋ ወደ አውራጃው፣ ከዚያም ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ መሄድ ነበረበት። በ1967 ዓ.ም. እንኳ በአገሪቱ ከነበሩት የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 55 በመቶ ያህሉ የሚገኙት አዲስ አበባን ጨምሮ በሸዋና በኤርትራ ነበር። ልጁ ከሌሎች ሁለት ሦስት ልጆች ጋር ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤቱ ያመጣውን በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ እየቆጠበ ይማራል። ስንቁ ሲያልቅ ለቅዳሜና እሑድ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አዝመራ የከፋ ዓመት ደግሞ ሳይመለስ ይቀራል፤ መምህሩም በስም መጥሪያው ላይ «ትምህርት አቋረጠ» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ አለ። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ አማርኛ፣ ከሰባተኛ ክፍል በኋላ ያለው እንግሊዝኛ ስለ ነበር፣ በቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ የሚናገር ልጅ ስድስተኛ ክፍልን ለመጨረስ አንድ፣ ስምንተኛን ለማለፍ ሁለት አዲስ ቋንቋ መልመድ ነበረበት። በስድስተኛ፣ በስምንተኛና በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተቀምጦለታል። የሚፈተነው ግን ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት ነው።

በዚህ መካከል የምስክር ወረቀቱ ዋጋ እየቀነሰ ሄደ። በ1940ዎቹ ስምንተኛ ክፍልን ማጠናቀቅ ለመምህራን ማሠልጠኛ የሚያበቃ ትልቅ ነገር ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ዐሥራ ሁለተኛን የጨረሱ ወጣቶች በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ሲያነቡ ይውሉ ጀመር። ሥራው እንደ ተማሪው ቁጥር አላደገም። ቀጣሪውም ብዙ አመልካች በቀረበለት ቁጥር ለዚያው ሥራ የሚጠይቀውን ደረጃ ከፍ ያደርጋል። ይህ ሁኔታ የሚጎዳው በሰልፉ መጨረሻ የደረሰውን ነው። የደኅና ቤተሰብ ልጅ ስምንተኛ ሲረክስ ዐሥራ ሁለተኛን፣ ዐሥራ ሁለተኛ ሲረክስ ዩኒቨርሲቲን ይጨምርበታል። በበሶ የሚማረው ልጅ ግን የሚጨምረው የለውም።

ሴክተር ሪቪው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። የአፍሪካ መንግሥታት በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1980 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ለሁሉም ለማዳረስ ሲወስኑ ኢትዮጵያ አስተናጋጅ ነበረች። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲታይ አስተናጋጇ ከኋለኞቹ መካከል ተገኘች። በ1964 ዓ.ም. ከትምህርት ሚኒስቴር፣ ከዩኒቨርሲቲውና ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች የተውጣጡ ባለሙያዎች በየጥናት ቡድኑ ተከፋፍለው ሥራ ጀመሩ። የደረሱበትም መደምደሚያ በአብዛኛው እውነት ነበር፤ ትምህርቱ ለከተሜ ያደላ፣ ወጪው የበዛ፣ ከገጠር ኑሮ የራቀ፣ ፈተና ወዳቂ የሚያበዛ ነው አሉ። መፍትሔ ያሉትም ለሁሉም ልጅ የሚዳረስ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት፣ ዕድሜያቸው ላለፈ ወጣቶች የሁለት ዓመት አጭር ትምህርት፣ እንዲሁም የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ዕድገት እንዲገታ ነው። የአራቱ ዓመት ትምህርት በእርሻ፣ በጤናና በአካባቢ ሥራ ላይ ያተኩራል። አብዛኞቹ ልጆች በዚያው ፈጽመው ወደ ኑሯቸው ይመለሳሉ።

እንደ ወጪ ሂሳብ ከታየ ይህን ዕቅድ መንቀፍ ያስቸግራል። አንድ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ በሚጨርስበት ገንዘብ ብዙ ልጆችን አራተኛ ክፍል ማድረስ ይቻላል። ስሕተቱ ያለው ሂሳቡ ካቆመበት ላይ ነው። አራተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ወዴት ይመለሳል? የሚመለሰው ወደ ጭሰኛ አባቱ ነው። የተሻለ አዝመራ ዘዴ ቢማር እንኳ ከምርቱ እስከ እኩሌታ የሚሆነው ለባለመሬቱ ይሄዳል፤ ባለመሬቱ ከፈለገም ያስነሣዋል። በሌላ በኩል ዐሥራ ሁለተኛን ለጨረሰው የመንግሥት ደመወዝ አለ፤ ጡረታ አለ፤ ክብር አለ። ዕቅዱ የትምህርቱን ይዘት ሲለውጥ የመሬቱን ሥሪትና የደመወዙን ልዩነት እንዳለ ትቶታል። ይህን የተረዳ ወላጅ «ለእኔ ልጅ አራት ዓመት፣ ለባለሥልጣኑ ልጅ ዐሥራ ስድስት ዓመት» ብሎ ቢያስብ አለማወቅ ነው ሊባል አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1965 ፊሊፕ ፎስተር የተባለ ተመራማሪ ስለ ጋና ሲጽፍ ተማሪዎች የቢሮ ሥራን የሚመርጡት ትምህርት ቤቱ እርሻን ስላላስተማራቸው ሳይሆን የቢሮው ሥራ የተሻለ ስለሚከፍል መሆኑን አስረድቷል። የእኛ ባላገር ፎስተርን አላነበበም፤ ግን እዚያው ደርሷል።

የአቀራረቡ ጉድለት ነገሩን አባባሰው። ዘገባው በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ ተዘጋጅቶ ሳለ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በየካቲት 1966 ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰው የሰማው በወሬ ነው። መምህራንም ደመወዛቸው ዝቅ እንደሚል ፈሩ። የካቲት 11 ቀን የመምህራኑ አድማ ከታክሲ ነጂዎች አድማ ጋር ገጠመ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ መንግሥት ዕቅዱን ማቆየቱን አስታወቀ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድም ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ቀጥሎ የመጣው መንግሥት ሪቪው ያልነካውን ነካ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ትምህርት ቤትም በስፋት ተሠራ። በ1967 ዓ.ም. 957,300 ያህል የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ1978 ዓ.ም. ወደ 2,450,000 ተጠጋ፤ 3,196 የነበሩት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 7,900 ደረሱ። የሴቶች ቁጥር ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። በሸዋና በኤርትራ የነበረው የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ድርሻም ወደ 40 በመቶ ወረደ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ መካድም አይገባም። ነገር ግን ክፍሉ ታጨቀ፤ ትምህርቱ በፈረቃ ሆነ፤ መጽሐፍ ጠፋ፤ ከ1976 እስከ 1978 የተካሄደው አጠቃላይ የትምህርት ግምገማ ጥናትም የጥራቱን መውረድ አረጋገጠ። የደመወዝ ሥራ ግን ያው ጠባብ ሆኖ ቀረ፤ ሰልፉ ብቻ ረዘመ።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከበፊቶቹ በአንድ ነገር እጅግ የላቀ ነው። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር በማድረግ ከላይ የተጠቀሰውን የቋንቋ ሸክም አቃሏል። እስከ ዐሥረኛ ክፍልም ትምህርቱን ያለ ክፍያ አደረገ። ይሁን እንጂ የሙያ ሥልጠናው ጉዳይ ሪቪው የወደቀበትን ጉድጓድ ያስታውሳል። የዐሥረኛ ክፍል ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጣውን ወደ መሰናዶ፣ የቀረውን ወደ ቴክኒክና ሙያ ይልክ ነበር። ሙያ የወደቀ ሰው መሄጃ ሆኖ ከተደለደለ፣ መሣሪያው ቢሟላ እንኳ ወላጅም ተማሪም ቀጣሪም በዚያው ዓይን ያዩታል። ያ ፈተና በኋላ ቀርቷል፤ አመለካከቱ ግን በፈተናው አብሮ አልቀረም።

በ2015 ዓ.ም. የተሰጠው የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፣ ኩረጃን ለመከላከል ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው የተፈተኑበት፣ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አጋለጠው። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በጋዜጣው የተጻፈው አብዛኛው ስላለፉት ነበር። ስለ ቀሩት የተነሣው ጥያቄ ዩኒቨርሲቲ እንዴት ይግቡ የሚል ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት የተማሩበት ትምህርት በወረዳቸው ምን ሥራ ያስገኝላቸዋል የሚለውን ያነሣው ጥቂት ነው።

ለዚህ ጥያቄ ቁሳቁሱ ያለው በመምህራን እጅ ነው። አንድ የስምንተኛ ክፍል የክፍል ኃላፊ ከአምስት ዓመት በፊት ያስተማራቸውን አምሳ ልጆች ስም ከአሮጌው የስም መጥሪያ አውጥቶ፣ ማን ቀጠለ፣ ማን አገባች፣ ማን በአባቱ ማሳ ላይ ቀረ፣ ማን ወደ ዐረብ አገር ተሻገረች፣ ማን በስንት ደመወዝ ተቀጠረ ብሎ በየስማቸው ትይዩ ቢጽፍ ሥራው ከአንድ ሳምንት አይበልጥም። የዕቅድ ሠራተኛውም የክፍል ቁጥር ከሚደምርበት ሠንጠረዥ ቀጥሎ ሊያስቀምጠው የሚገባ ሠንጠረዥ ይኸው ነው።