የጥገና ቤቱ ከተማና የአንጎል ሽቦ

ድሬዳዋን የወለዳት ምድር ባቡር ነው ሲባል ማንም አይከራከርም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ ዳገቱን ወጥቶ ሐረር መግባቱ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነና ሜዳው ላይ ቀረ፤ ሰፈሩም አዲስ ሐረር ተባለ። የሐዲዱ ኩባንያ ገንዘብ አለቀበት፣ የአውሮፓ መንግሥታትም በመስመሩ ላይ ይሻኮቱ ስለነበር ድሬዳዋ ለዓመታት የሐዲዱ ማብቂያ ሆና ቆየች። ሥራው እንዲቀጥል በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ሲሰጥ በውሉ ላይ የሰፈረው የሐኪም ስም ነበር፦ የጓዴሎፕ ተወላጁ ዶክተር ጆሴፍ ቪታልየን። ቪታልየን የአፄ ምኒልክ ሐኪም ሲሆን ቀደም ብሎ በራስ መኮንን ጥሪ ሐረር ላይ በሆስፒታል አገልግሏል። በዚህች ከተማ ታሪክ ሕክምናና ሐዲድ የተገናኙት እንግዲህ ገና ከጥንስሱ ነው።

ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ድሬዳዋ ተራ የመንገድ ላይ ጣቢያ ሆና ልትቀር ትችል ነበር። ያላስቀራት የባቡሩ ጥገና ቤት ነው። የተበላ የባቡር መንኮራኩር በመቅረጫ ማሽን የሚስተካከለው፣ መለዋወጫ የሚሠራው፣ ከፈረንጅ የተማረው ሠራተኛም ሙያውን ለልጁ የሚያወርሰው እዚያ ነበር። የከዚራ ሰፈር መንገዶች፣ የሠራተኛው ሰፈር፣ ፈረንሳይኛ የተቀላቀለበት የከተማው አነጋገር ሁሉ ከዚህ ቤት ዙሪያ የበቀሉ ናቸው። የኋላ ኋላ ገንዘቡና ጥገናው ሲጓደል ግን ሐዲዱ እዚያው መሬት ላይ እያለ ባቡሩ ከአዲስ አበባ መምጣቱን አቆመ። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሐሳብ አንድ ነው፦ አዲስ መሣሪያ አንድን ከተማ ጠቀመ የሚባለው መሣሪያው የደረሰ ቀን ሳይሆን የሚጠግነውና የሚያስተካክለው ሰው እዚያው ሲኖር ነው። ዛሬ ብዙ ተስፋ ስለተጣለበት፣ አንጎል ውስጥ ሽቦ ገብቶ በኤሌክትሪክ ምት ስለሚሰጠው ሕክምና ስናወራም በዚሁ ሚዛን ልንመዝነው ይገባል።

ሕክምናው ከሚሰጥባቸው ሕመሞች አንዱ በሕክምና ቋንቋ ኦሲዲ የሚባለውና በድሬዳዋ ሙስሊሞች ዘንድ ወስዋስ በሚል ስም የሚታወቀው ነው። አንድ ሰው ለንጋቱ የሱብሒ ሰላት ውዱእ ሊያደርግ (ሊታጠብ) ይቀመጣል እንበል። እጁን ሦስቴ ማጠቡ እንደሚበቃው ያውቃል። ሦስቴ ይታጠባል፤ ወዲያው ግን «ውሃው ሁሉንም ቦታ አልነካም» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። እንደገና ይጀምራል። ፀሐይ እስክትወጣ እዚያው ይቀመጣል፣ ሰላቱም ያልፈዋል፤ ከንቱ ሐሳብ መሆኑን ደግሞ ከማንም በላይ ራሱ ያውቃል። ክርስቲያኑ በበኩሉ ለንስሐ አባቱ የተናዘዘውን «በትክክል አልተናገርኩም» እያለ ሳምንት ሙሉ ሊመላለስ ይችላል። ሕመሙ የሃይማኖት ጉድለት እንዳልሆነ የተረዱ ሰዎች ጥንትም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ934 የሞተው አቡ ዘይድ አል በልኺ ስለ ሥጋና ነፍስ ጤና በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅ ሐሳብን ከሐዘንና ከፍርሃት ለይቶ ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ገልጾታል።

የአንጎል ሽቦው ታሪክ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በፈረንሳይ ግሬኖብል ከተማ አሊም ልዊ ቤናቢድ የሰውነት መንቀጥቀጥን በማያቋርጥ ፈጣን የኤሌክትሪክ ምት ማስቆም እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የቤልጅየሙ ባርት ኑታንና ባልደረቦቹ ይህንኑ ዘዴ በምንም ሕክምና ባልተሻላቸው 4 የኦሲዲ ሕሙማን ላይ ሞከሩ። ቀጭን ሽቦ በራስ ቅል በኩል ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል ይገባል፤ በቆዳ ሥር ወርዶም ደረት ላይ ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለጥቂት ሕሙማን ብቻ በሚሰጥ ልዩ ፈቃድ አጸደቀው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣና 116 ሕሙማንን ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው ከ10 ሕሙማን 6 ያህሉ ጉልህ መሻሻል አግኝተዋል። ሁሉም ሌላ ሕክምና ተሞክሮ ያልሠራላቸው ነበሩና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም የኑታን ቡድን በኋላ ባወጣው ጽሑፍ የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ከ5 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቁ እንደነበር፣ ያለቀ ቁጥርም በቀዶ ሕክምና መቀየር እንዳስፈለገ ተናግሯል። ዛሬ ኃይል እየተሞሉ የሚሠሩ ባትሪዎች አሉ። የምቱን ኃይል፣ ፍጥነቱንና ከሽቦው ጫፎች የትኛው እንደሚሠራ እየለወጠ ለወራት የሚያስተካክል የሠለጠነ ሐኪም ግን ዛሬም የግድ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል። ቀዶ ሕክምናው የአንድ ቀን ጉዳይ ነው፤ ጥገናው የዕድሜ ልክ።

ይህን ይዘን ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ የአእምሮ ሕክምና በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ በዋናነት በአንድ ቦታ ይሰጥ እንደነበር እናያለን። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ከነጻነት በኋላ የአእምሮ ሕሙማን ማከሚያ ሆነ፤ ለአሥርት ዓመታትም ዋናው ሆኖ ኖረ። ሆስፒታል ተኝቶ መታከም ላስፈለገው የድሬዳዋ ሕመምተኛ ይህ ማለት ከ470 ኪሎ ሜትር በላይ የባቡር ጉዞ፣ ከዚያም በማያውቁት ከተማ ወረፋ መጠበቅ ነበር። ቅርብ የነበሩት ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ሕዝብ የሚጎርፍበት ቁልቢ ገብርኤል፣ ጸበሉ፣ ሼኹና የቁርአን ሩቅያው ናቸው። ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1987 አማኑኤል ውስጥ የአእምሮ ጤና ነርሶች መሠልጠን ጀምረው ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ሲበተኑ ነው። ቤናቢድ ግሬኖብል ላይ ሽቦውን የሞከረውም በዚያው ዓመት ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሳይካትሪስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው ደግሞ ጥር 1995 ዓ.ም. ነው። በእኔ ግምት ለድሬዳዋ ከሽቦው ይልቅ የሚበልጠው የነርሶቹ መምጣት ነው፤ የከተማዋ የአእምሮ ጥገና ቤት መሠረት እነሱ ናቸውና።

«ይህ ለድሃ አገር ርካሹን፣ ለሀብታም ምርጡን መመደብ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ጠንካራ ተቃውሞ ነው፤ ማንም ሰው በትውልድ ቦታው ምክንያት ከሕክምና መገለል የለበትም። ነገር ግን ሽቦው የሚገባለት ሰው ማን እንደሆነ ይታይ። በአብዛኞቹ ጥናቶች ሕመሙ ቢያንስ 5 ዓመት የቆየበት፣ ክሎሚፕራሚንና እንደ ፍሎክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች በበቂ መጠን ለ3 ወር ያህል ሳይቋረጡ ተሰጥተውት ያልሠሩለት፣ ቪክቶር ሜየር እ.ኤ.አ. በ1966 ለንደን ላይ የጀመረውን የንግግርና የልምምድ ሕክምናም አድርጎ ያልተሻለው ሰው ነው። የሜየር ሕክምና ማሽን አይፈልግም፤ ሕመምተኛው የሚፈራውን ነገር እያደረገ ድግግሞሹን እንዲተው ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው። እነዚህ ሁሉ በሌሉበት ከተማ ሽቦው ለማን እንደሚገባ እንኳ ማወቅ አይቻልም።

ሌላው ስጋት አንጎልን የሚቆርጠው የሎቦቶሚ ቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ኖቤል የተሸለመው የኤጋሽ ሞኒሽ ቀዶ ሕክምና የበሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ማንነት ጎድቷል፤ ስለዚህ አንጎል አይነካ የሚሉ አሉ። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፣ መሣሪያዎቹ ግን ይለያያሉ፦ የተቆረጠ አንጎል አይመለስም፣ ሽቦውን ግን ማጥፋትም ማውጣትም ይቻላል። ልዩነቱ ትርጉም የሚኖረው ሊያጠፋውና ሊያስተካክለው የሚችል ሐኪም በአቅራቢያ ካለ ነው። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን አዲስ አበባ ላይ ማሠልጠን እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀምሯልና ቀዶ ሐኪሙ ይገኛል። የድሬዳዋው ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል የሚያስፈልገው ደግሞ መድኃኒቱ ለ3 ወር ሳይቋረጥ የሚቀርብበት መንገድ፣ በሜየር ዘዴ የሠለጠነ ነርስ፣ እንዲሁም የእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሕመም ደረጃ በየወሩ ተለክቶ የሚጻፍበት መዝገብ ነው። መዝገቡ ከተያዘ ሁሉም ተሞክሮ ያልተሻላቸው እነማን እንደሆኑ ይታወቃል፤ ለቀዶ ሕክምናው የሚታጩትም ከእነሱ መካከል ናቸው።