የአፈር ማይቶች ስያሜ ታሪክና የምዕራብ ሸዋ ደኖች

በደን አፈር ውስጥ ከሚኖሩት ፍጥረታት መካከል ማይቶች በብዛታቸው የላቀ ስፍራ ይይዛሉ። የሸረሪትና የመዥገር ዘመዶች ናቸው። በተለይም ኦሪባቲድ የሚባለው ክፍል የረገፈ ቅጠልንና ሻጋታን እየተመገበ ለአፈሩ መዳበር ያገለግላል። አብዛኞቹ ከ1 ሚሊሜትር ስለማይበልጡ ለብዙ ዘመን ከሊቃውንት ዓይን ተሰውረው ኖረዋል።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በ1905 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቤርሌሴ አንድ ቀላል መሣሪያ ባቀረበ ጊዜ ነው። አፈሩ በወንፊት ላይ፣ ወንፊቱም አፉ ሰፊ፣ ግርጌው ጠባብ በሆነ ዕቃ ላይ ይቀመጣል። አፈሩ ሲሞቅ ፍጥረታቱ ድርቀቱን ሸሽተው ወደ ታች ይወርዱና አልኮል ካለበት ብልቃጥ ይገባሉ። በ1918 ስዊድናዊው አልበርት ቱልግረን ለማሞቂያ የኤሌክትሪክ አምፑል ጨመረበት።

ፍጥረቱን መያዝ ግን ማወቅ አይደለም። መዳቢው ጠጉሩን ይቆጥራል፤ የጥፍሩንና የቅርፊቱን ቅርጽ ይመረምራል፤ ቀድሞ ከተገለጹት ጋር ያነጻጽራል። ጨቅላውና አዋቂው ብዙ ጊዜ ስለማይመሳሰሉ ድካሙ እጥፍ ነው። አዲስ ስም የሚጸናውም መግለጫው ሲታተም ሲሆን፣ ዋቢ ናሙናው በታወቀ ስብስብ ተጠብቆ ለኋለኞች መመሳከሪያ ይሆናል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። አልፍሬድ ዋላስ በ1876 ባሳተመው መጽሐፍ «የኢትዮጵያ ክልል» ሲል ከሰሐራ በስተደቡብ ያለውን አፍሪካና ደቡብ ዓረቢያን ጭምር ማለቱ ነበር። ስለሆነም በቆዩ መዝገቦች «ኢትዮጵያዊ» የተባለ ዝርያ የሀገራችንን አፈር ረግጦ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ክልሉ ዛሬ አፍሮትሮፒካል ይባላል።

ምዕራብ ሸዋ ለዚህ ዓይነት ጥናት ባዳ አልነበረም። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት ስምምነት በአምቦ የዕፅዋት በሽታ ላቦራቶሪ ተቋቁሟል፤ በኋላም የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ሆኗል። ይሁን እንጂ ተልእኮው ሰብልን ከሚጎዳው ጋር መታገል ስለነበር፣ አፈርን በዝምታ የሚያገለግለው ማይት ተራ የሚደርሰው አልነበረም። የኦሪባቲዶቹ ስያሜ የመጣው በሌላ በር ነው። በ1980ዎቹ የተጀመረው የሁለቱ ሀገሮች የሥነ ሕይወት ጉዞ የሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላም ቀጥሏል። ሰርጌይ ኤርሚሎቭ፣ ሊዮኒድ ሪባሎቭና ባልደረቦቻቸውም ከ2010 ወዲህ በተከታታይ ጽሑፎች ከኢትዮጵያ የተገኙ ብዙ አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጸዋል። በ2012 ደግሞ ኤርሚሎቭ ከኔቪል ዊንቸስተር፣ ከማርጋሬት ላውማንና ከኢትዮጵያዊው ዓለማየሁ ዋሴ ጋር ሆኖ ከሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የተገኙ አዳዲስ ዝርያዎችን አሳትሟል።

ጥያቄው በስሙ ማን ይክበር የሚል ብቻ አይደለም። በጊንጪ አጠገብ የሚገኘው የጭሊሞ ደን ጽዱ፣ ዝግባውና ወይራው እጅግ ከሳሳ በኋላ፣ በ1996 ነዋሪው በጥበቃው የሚሳተፍበት አሠራር ተጀምሮለታል። ኦሪባቲዶች ጥቂት እንቁላል የሚጥሉና አዝጋሚ ዕድገት ያላቸው በመሆናቸው፣ ደኑ አንዴ ከተመነጠረ ቶሎ አያገግሙም። ዛፍ ተመልሶ ይተከላል፤ ሳይሰየም የጠፋ ዝርያ ግን መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም።

ስለዚህ ከባልደረቦቻችን የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። ናሙና የሚሰበስብ ሁሉ ቦታውን፣ ከፍታውንና ቀኑን በብልቃጡ ላይ ይጻፍ፤ ወደ ውጭ ከሚላከውም መንትያው በሀገር ቤት ስብስብ ይቅር። ነገ የሚነሳው ወጣት መዳቢ የጭሊሞን ማይት ለማየት ባሕር መሻገር የለበትም።