የአጎቶቹ ቋንቋ

ማርቲን ማክዶና አይርላንዳዊ ነው ወይስ እንግሊዛዊ? ተውኔቶቹ ከወጡ ጀምሮ ሰው ሲከራከርበት ኖሯል። የተወለደው በ1970 እ.ኤ.አ. ለንደን ነው። አባቱ ከኮነማራ፣ እናቱ ከስላይጎ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰቡ ወደ አገር ቤት ይሄዳል፤ ድንጋይ ወደበዛበት፣ አይሪሽኛ እስከ ዛሬ ወደሚነገርበት የአትላንቲክ ዳርቻ።

በ16 ዓመቱ ትምህርቱን አቋረጠ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ባብዛኛው የሥራ አጥ ድጎማ እየተቀበለ፣ ቤት ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን በማየትና በመጻፍ አሳለፋቸው። ለቢቢሲ የሬዲዮ ድራማዎች ቢልክም አልተቀበሉትም። ራሱ እንደሚለው፣ ገጸ ባሕሪያቱ ሲናገሩ ፒንተርን ወይም ማሜትን ይመስሉበት ነበር። በቃ፣ የሰው ድምፅ ነው። ወላጆቹ ጠቅልለው አየርላንድ ሲገቡ እሱና ወንድሙ ለንደን ቀሩ። ከውሰት ድምፅ ያወጣው የአጎቶቹ አነጋገር ነው፦ ቃሉ እንግሊዝኛ፣ አገጣጠሙ ግን ከአይሪሽኛ የመጣ። በ1994 አካባቢ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ የሰባት ተውኔቶችን ረቂቅ ጻፈ። (ለአንድ አፕ ሁለት ዓመት ለምንፈጅ ሰዎች ይሄ ያስቀናል።)

የጎልዌዩ ድሩይድ ቲያትር ዳይሬክተር ጋሪ ሃይንስ «የሊናን የቁንጅና ንግሥት»ን በ1996 መድረክ ላይ አወጣችው። አርባ ዓመት የሞላት ሴትና አላላውስ ያለቻት እናቷ አንድ ኩሽና ውስጥ የሚበላሉበት ታሪክ ነው። በ1998 ብሮድዌይ ላይ አራት ቶኒ ወሰደ፤ ሃይንስም በተውኔት ዳይሬክቲንግ ቶኒ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

ነቃፊዎቹ ግን «የለንደን ልጅ ገጠሬውን ለከተሜ መሳቂያ አደረገው» አሉ። ክሱ ባዶ አይደለም፤ ሰዎቹ ጨካኝም ቂላቂልም የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ለእኔ ግን ያን አነጋገር በደንብ የሰማው በዓመት አንዴ ስለሚሰማው ይመስለኛል። ሁልጊዜ እዚያው የሚኖር ሰው ጆሮው ይለምደዋል። ከዋሽንግተን ለእረፍት የሚመጡ የአክስት ልጆች ያሉት ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ እኛ ሳናስበው የምንላትን ቃል ይዘው ሲስቁ ይውላሉ።

ከዚያ ፊልም መጣ። አጭር ፊልሙ በ2006 ኦስካር አገኘ፣ «በብሩዥ» በ2008፣ «ሦስት ቢልቦርዶች» በ2017 ተከተሉ። ጎበዝ ፊልሞች ናቸው፤ እኔ ግን የምመርጠው በ2022 ወደ ደሴቶቹ የተመለሰበትን «የኢኒሸሪን ባንሺዎች»ን ነው። ለዘጠኝ ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። ጊዜው 1923 ነው። ከባሕሩ ማዶ የእርስ በርስ ጦርነቱ ተኩስ ይሰማል፤ ደሴቱ ላይ ደግሞ አንድ ሰው የዕድሜ ልክ ጓደኛውን ድንገት «ከዛሬ ጀምሮ አላናግርህም» ይለዋል።